ሬንደር መሃል ቀጥ ሲልብኝ የከረመው ኮምፒውተሬ

ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ የመኖሪያ ቤት ዲዛይን በስሪዲ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ናቸው፤ መሠረቱ ገና ሳይቆፈር ቤታቸውን በስክሪን ማየት ይፈልጋሉ። እንጀራዬ ሁሉ ያለው አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ያ ዴስክቶፕ ደግሞ ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ፕሮግራም ሬንደር ባስነሳሁ ቁጥር፣ ማለትም ዲዛይኑን አስልቶ ወደ ምስል እንዲለውጥ ባዘዝኩት ቁጥር፣ አራት ወር ሙሉ ስታክ ሲያደርግብኝ ከረመ። ችግሩን እንዴት እንደደረስኩበት በዝርዝር የምጽፈው፣ በዚሁ ጣጣ ገንዘቡንና ሌሊቱን የሚጨርስ ሌላ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። ሬንደሩ በተጀመረ በአሥር ደቂቃም ይሁን በአንድ ሰዓት ምስሉ ባለበት ይደርቃል። ማውሱ አይነቃነቅም። መንዙማ ከፍቼ ከሆነ የመጨረሻዋ ድምፅ «እዝዝዝ» እያለች ትቀጥላለች። ሰማያዊ ስክሪን አይመጣም፣ በራሱም አይነሳም። ያለው አማራጭ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት ብቻ ነው።

ወደ ጥገና ሱቅ ወሰድኩት። «ዊንዶውሱ ነው ወንድሜ፣ ፎርማት እናድርገው» አሉኝ። በ500 ብር ፎርማት ተደረገ፤ ሦስት ቀን ደህና ሆነና ተመለሰበት። ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ ያው ፎርማት። ሦስተኛውን እኔው ራሴ አደረግሁት። ለምን ሦስት ሦስት ቀን ደህና እንደሚሆን የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው፦ በነዚያ ቀናት ፕሮግራም ስጭንና ፋይል ስመልስ እውላለሁ እንጂ ሬንደር አላደርግም። ኮምፒውተሩ አልዳነም፤ አልተፈተነም እንጂ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር፣ ምን እንደቀየርኩ መጻፍ ጀመርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመቀየርም ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ድራይቨሩንም፣ ራሙንም፣ የዊንዶውሱን ማስተካከያም በአንድ ቀን እነካካ ስለነበር የትኛው ምን እንዳመጣ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የለየሁት የአደራረቁን ዓይነት ነው። ስታክ ባደረገ ቁጥር ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን መጫን ነው። መብራቷ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ማሽኑ በሕይወት አለ፤ የደረቀው ፕሮግራሙ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ (ግራፊክስ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። ያኔ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የB ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። ዊንዶውስ ራሱም ግራፊክስ ካርዱ 2 ሰከንድ ያህል ካልመለሰለት ድራይቨሩን ለማስነሳት ይሞክራል፤ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይመለስና ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ 4101 የሚል ቁጥር ይቀመጣል። የእኔ ካፕስ ሎክ ግን ሙት ነበረች፣ 4101ም አንድ ጊዜ እንኳ አልተመዘገበም። የነበረው ከርነል ፓወር 41 ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው «ፓወር ሳፕላይህ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተበላሽቷል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚለው «ባለፈው ጊዜ በወጉ አልተዘጋሁም» ብቻ ነው። ቁልፉን ተጭኜ ያጠፋሁት እኔው ነኝና መመዝገቡ አይገርምም።

ድራይቨሩን በሴፍ ሞድ፣ ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ከሥሩ አጥፍቼ አዲስ ጫንኩ። ለውጥ የለም። ራሙን በሜምቴስት 86 ከፍላሽ ላይ አስነስቼ አሳደርኩት፤ የመጀመሪያው ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ተቋረጠ፣ በማግስቱ አራቱንም ዙር ያለ አንድ ስህተት ጨረሰ። ራሙ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ሙቀትን ጠረጠርኩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ኬዙን ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት ቀየርኩ። ከዚያም ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም በየሁለት ሰከንዱ ሙቀቱን ፋይል ላይ እንዲመዘግብ አደረግሁ። የዚህ ጥቅሙ ማሽኑ ቢደርቅም እስከዚያች ቅጽበት የተጻፈው ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። በሚቀጥለው ስታክ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር አየሁ፤ ግራፊክስ ካርዱ 71 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 63። ሁለቱም ጤነኛ ቁጥር ናቸው። ሙቀትም አይደለም።

ደብተሩ መናገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ገጾቹን ወደኋላ ሳገላብጥ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስታኩ ይደጋገማል። ረቡዕና ቅዳሜ እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲጣድ የሳሎኑ አምፖል ደከም እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘው ሰው ግን አልነበረም። ቴስተር ተውሼ ሶኬቱን ለካሁ። ምጣዱ ሳይጣድ 216 ቮልት፣ ከተጣደ በኋላ 184። ቮልቱን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ገዛሁ።

ቀነሰ፤ አልቆመም። ሳምንቱን ሙሉ ይደርቅ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ሆነ፣ ምጣድ ባልተጣደበት ሌሊትም ጭምር። በጣም ተስፋ የቆረጥኩት ያኔ ነው። መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበርና።

የረዳኝ አንድ ቀላል ሙከራ ነው። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የግራፊክስ ካርዱን ፓወር ሊሚት፣ ማለትም ሊበላ የሚፈቀድለትን የኤሌክትሪክ ጣሪያ፣ ወደ 60 በመቶ አወረድኩት። ሬንደሩ ዘገየ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳይደርቅ አደረ። በሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ። ወደ 100 መለስኩት፤ በአርባ ደቂቃ ቀጥ አለ። ካርዱ ትንሽ ሲበላ ደህና፣ የሚገባውን ሲበላ ድርቅ። ሙቀቱ ደግሞ በሁለቱም ጤነኛ ነው። የቀረው የሚመግበው አካል ነው።

የፓወር ሳፕላዩን ጎን አነበብኩ። በትልቁ 500 ዋት ይላል። ሥሩ ባለው ትንሽ ሠንጠረዥ ግን ካርዱንና ፕሮሰሰሩን በሚመግበው የ12 ቮልት መስመር ላይ 18 አምፔር ብቻ ተጽፏል። 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ነው። የእኔ ግራፊክስ ካርድ፣ ጂቲኤክስ 1070፣ ብቻውን 150 ዋት ይበላል፣ ፕሮሰሰሩ 65። ሁለቱ ብቻ 215። ማዘርቦርዱ፣ ፋኖቹ፣ ሃርድ ዲስኩ ገና አልተቆጠሩም፤ ካርዱም ለቅጽበት ከ150 በላይ እየዘለለ እንደሚወስድ የታወቀ ነው። በትልቁ የተጻፈው ዋት የሁሉም መስመሮች ድምር ነው፣ ርካሾቹ ላይ ደግሞ እሱም አይታመንም። ፓወር ሳፕላይ ስትገዙ መጀመሪያ ዓይናችሁን ማሳረፍ ያለባችሁ የ12 ቮልቱ አምፔር ላይ ነው።

ከዚያ የካርዱን ገመድ ነቀልኩ። ፓወር ሳፕላዩ ለካርድ የሚሆን ባለስምንት ፒን ገመድ ስለሌለው፣ ካርዱን የገጠመልኝ ሱቅ የድሮውን ባለአራት ቀዳዳ የሃርድ ዲስክ ሶኬት ወደ ስምንት ፒን በሚቀይር አዳፕተር ነበር ያገናኘው። አዳፕተሩ አልወጣ ብሎ በግራና ቀኝ እያነቃነቅሁ አወጣሁት። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ በቢጫው ገመድ በኩል ቡናማ ሆኗል፣ ጠርዙ እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ስጠጋው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ፒኑን በጥፍሬ ብነካው ላላ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይጫወታል። ባለስምንት ፒኑ 12 ቮልቱን በሦስት ገመድ ነው የሚቀበለው፤ እዚህ ሦስቱን ሥራ አንድ ቢጫ ገመድ ተሸክሞ ኖሯል። ሳየው ደነገጥኩ። ሌሊት ሬንደር አስነስቼ የምተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ መጋረጃው ደግሞ ከኬዙ አንድ ክንድ አይርቅም።

ገዝቼ ከመቀየሬ በፊት ማረጋገጥ ፈለግሁ። ኮምቦልቻ የሚኖር አብሮ አደጌ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ አለው። ኬዙን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለች ስለሆነች ትሞቃለች፤ ችግሩ ሙቀት ቢሆን ኖሮ እዚያ ሊብስ ይገባ ነበር። የእሱን ፓወር ሳፕላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ገመዶቹን ወደ እኔ ማሽን አገናኘንና ያንን ሁልጊዜ የሚያደርቀኝን ፋይል በ100 በመቶ አስነሳነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሄደ። ካርዱ 76 ዲግሪ ደረሰ፤ አንድም ጊዜ አልቆመም።

አሁን በ12 ቮልቱ ላይ 45 አምፔር ያለው፣ የራሱ ባለስምንት ፒን ገመድ ያለው ፓወር ሳፕላይ ገጥሜያለሁ። ቀድሞ ብጀምረው ኖሮ ብዬ የምቆጨው የፓወር ሊሚቱን ሙከራ ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልገውም፣ እኔ ግን የደረስኩበት ከአራት ወር በኋላ ነው። አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ ከፍቶ ለመጠገን የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

በዚያ መካከል ሥራዬን ያዳነችልኝን አንዲት ልማድም ልንገራችሁ። አኒሜሽን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አላወጣም፣ ፍሬም በፍሬም ወደ ፒኤንጂ ምስል ነው የማወጣው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጂ ፕላስ ሁለት የሚያሠሩ ደንበኛዬን ሥራ ስሠራ 900ውን ፍሬም ለመጨረስ ማሽኑ ሰባት ጊዜ ደርቋል፤ በእያንዳንዱ የጠፋው ሲሠራ የነበረው አንድ ፍሬም ብቻ ነው፣ ከቆመበት ቁጥር እቀጥላለሁ። ቪዲዮ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ተበላሽቶ ሰባት ጊዜ ከአንድ እጀምር ነበር።

ስታብላይዘሩን አላነሳሁትም፤ የሰፈራችን መብራት ያው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ምጣዱን ስትጥድ አምፖሉ ደከም ይላል፣ ስታብላይዘሩ ጠቅ ይላል፣ ሬንደሩ ይቀጥላል።