ኤክስቦክስ 360 እና ፕሌይስቴሽን 3፦ ቀድሞ የወጣና ዘግይቶ የመጣ

ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኑን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 ነው፤ ሶኒን በአንድ ዓመት ቀደመው። የሶኒው ፕሌይስቴሽን 3 በኖቬምበር 2006 ሲመጣ ባለ 60 ጊጋባይቱ 599 ዶላር ተተመነ። ሃርድ ዲስክ ያለው ኤክስቦክስ የወጣው በ399 ነበር። የፕሌይስቴሽኑን ዋጋ ከሰቀሉት አንዱ የብሉሬይ (የፊልምና የጨዋታ ዲስክ ዓይነት) ማጫወቻው ነው።

ለእኔ ግን ከዋጋው ይልቅ ትልቁ ልዩነት ሜሞሪው ነው። ሁለቱም 512 ሜጋባይት አላቸው። ኤክስቦክስ ሁሉንም በአንድ ቋት ስለሚይዘው ፕሮግራመሩ ለምስሉም ለሌላው ሥራም እንዳሻው ያካፍለዋል። ፕሌይስቴሽን 3 ግን 256ቱን ለዋናው ፕሮሰሰር፣ 256ቱን ለግራፊክስ ቺፑ ለይቶ ሰጥቷል። ይባስ ብሎ ዋናው ፕሮሰሰር ከግራፊክሱ ድርሻ ላይ ላንብብ ሲል እጅግ ይንቀራፈፋል። ለሁለቱም በተሠሩ ጨዋታዎች ፕሌይስቴሽኑ ላይ ምስሉ ደብዝዞ የወጣባቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ማሽኑ ደካማ ሆኖ ሳይሆን አሠራሩ ስለሚያስቸግር ነው።

ቀዳሚው ኤክስቦክስም በሰላም አልዘለቀም። ቺፑ እየጋለና እየበረደ ሲመላለስ የብየዳ ነጥቦቹ ይሰነጠቃሉ፤ ያኔ በማብሪያው ዙሪያ ካሉት አራት መብራቶች ሦስቱ ቀይ ያበራሉ። አንዳንዶች ለመጠገን ብለው ማሽኑን በፎጣ ጠቅልለው ያሞቁት ነበር። ለጊዜው ቢነሳ እንኳ ሙቀቱ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ፈጽሞ አልመክርም። ማይክሮሶፍት በ2007 ለዚህ ብልሽት የሚሰጠውን ዋስትና ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዘገበ።