የድንቅነሽ ዕድሜ በካርበን-14 አልተለካም

ስለ ራዲዮአክቲቪቲ ሲነሳ ተማሪ ቶሎ የሚጠራው ካርበን-14ን ነው፤ የድንቅነሽ 3.18 ሚሊዮን ዓመትም በእሱ የተገኘ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። የካርበን-14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካለው አቶም ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ነው፤ በ50,000 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው መጠን ከ400 አንድ እጅ እንኳ አይተርፍም። እሷ በተገኘችበት በአፋሩ ሐዳር የተሠራበት ፖታሲየም ነው። የተለካውም አጥንቷ ሳይሆን፣ ከተገኘችበት ደለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ እሷ ከአመዱ በጥቂቱ ታንሳለች።

ፖታሲየም ምንጊዜም 19 ፕሮቶን አለው። ኒውትሮኑ 20 ሲሆን ፖታሲየም-39፣ 21 ሲሆን ፖታሲየም-40፣ 22 ሲሆን ፖታሲየም-41 ይባላል፤ አይሶቶፕ ማለት ይኸው ነው። ከሦስቱ የሚፈርሰው 40 ብቻ ሲሆን፣ ከ10,000 የፖታሲየም አቶም አንድ ያህሉ ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሰው 89 በመቶ ያህሉ ቤታ ጨረር አውጥቶ ካልሲየም-40 ይሆናል፤ የቀረው 11 በመቶ ኤሌክትሮን ወደ ኒውክለሱ ስቦ አርጎን-40 ይሆናል። ካልሲየሙ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ዓለት ውስጥ ቀድሞውኑ ሞልቷል። አርጎን ግን ጋዝ ነው፤ ከቀለጠው ዓለት ያመልጣል፣ ክሪስታሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

እስቲ እናስላው። 3.18 ሚሊዮን ለ1.25 ቢሊዮን ሲካፈል 0.00254፣ በ0.693 (ግማሽ ዕድሜን ወደ መፍረስ ፍጥነት በሚቀይረው ቋሚ ቁጥር) ሲባዛ 0.00176 ይመጣል። ከ10,000 የፖታሲየም-40 አቶሞች የፈረሱት 18 ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ አርጎን የሆኑት ደግሞ ሁለት ገደማ! ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

አየር ውስጥም አርጎን-40 አለና ናሙናው ላይ የተጣበቀው ዕድሜውን ያጋንነዋል። መላው ከፖታሲየም መፍረስ የማይመጣውን አርጎን-36ን መቁጠር ነው፦ አየር ውስጥ ለአንዱ አርጎን-36 ወደ 298 አርጎን-40 ስለሚገኝ፣ ያንን አባዝቶ መቀነስ ይቻላል። በተቃራኒው የአየር ጠባይ የበላው ክሪስታል አርጎን ስለሚያፈስ ልጅ መስሎ ይታያል።

ፖታሲየሙንና አርጎኑን ለየብቻ ከመለካት ይልቅ ናሙናውን ሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን መደብደብ ይሻላል። ከፖታሲየም-39 ከፊሉ አርጎን-39 ይሆናል፤ የፖታሲየሙን መጠን የሚነግረንም እሱ ነው፤ ከዚያ አንዷን ቅንጣት በሌዘር አቅልጦ ሁለቱን አርጎኖች ከአንድ ጋዝ መለካት ነው። አንድ በአንድ መቅለጣቸው ሌላም ጥቅም አለው፦ ጎርፍ ከሌላ አሮጌ ዓለት አምጥቶ የቀላቀላት ቅንጣት ካለች ዕድሜዋ ከጓደኞቿ ርቆ ይወጣል፣ ከስሌቱም ትወገዳለች።