ቁሌቱን እሑድ፣ ወጡን ማክሰኞ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ለሚኖር ሐበሻ ችግሩ ቅመም አይደለም። ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ኮረሪማውም፣ ጤፉም አለ። የሚያጥረን ጊዜ ነው። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ እገባና ሌሊት እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት ቤት ገብቼ ሽንኩርት ልክተፍ፣ ላቁላላ፣ ወጥ ላንተክትክ ብል ይነጋብኛል። አብረውኝ የሚሠሩ ብዙ የአገሬ ልጆች በዚሁ ምክንያት ምድጃቸውን ትተውታል። ያገኙትን ገዝተው ይበላሉ። ገንዘባቸው ያልቃል፣ የቤታቸው ምግብ ናፍቆት ግን አይወጣላቸውም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም የአገር ቤት ምግብ ለመብላት የግድ በየቀኑ ምድጃ ፊት ሁለት ሰዓት መቆም አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ወጥ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ረጅሙ ቁሌት ነው። አጭሩ ከቁሌት በኋላ ያለው ነው። ምስርም ሆነ ሥጋ፣ ዶሮም ሆነ ሽሮ፣ መነሻው ያው ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ ነው። ረጅሙን በእረፍት ቀን ጨርሰን ፍሪዘር ከከተትነው፣ ለሥራ ቀን የሚቀረን አጭሩ ብቻ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 5 ፓውንድ ቀይ ሽንኩርት ይዤ እቀመጣለሁ። ከ2 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚህ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ትልልቁ ሽንኩርት ከአገር ቤቱ ይልቅ ውሃ ይበዛበታል፣ ጣፋጭነቱም ያይላል። ስለዚህ አገር ቤት ከለመድነው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እናንተም ቁሌታችሁ ወደ ስኳር ጣዕም እየሄደ ካስቸገራችሁ ምክንያቱ እሱ ነው። ሴንት ፖል ያሉት የሕሞንግ (ከእስያ የመጡ ሕዝቦች ናቸው) ገበያዎች ትንንሹን፣ ሻሎት የሚባለውን ሽንኩርት ይሸጣሉ። ለሐበሻ ሽንኩርት የሚቀርበው እሱ ነው። መላጡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ የምገዛው ለፋሲካና ለገና ዶሮ ብቻ ነው።

ሽንኩርቱን በማሽን መክተፍ ይቻላል። ነገር ግን ቁልፉን ነካ እያደረጋችሁ ልቀቁት እንጂ ይዛችሁት አትቆዩ። ከላመ ጭማቂው ይወጣና ይመራል። ከዚያ ታችኛው ክፍሉ ወፈር ያለ ድስት ውስጥ፣ ያለ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ። ያለ ዘይት ማቁላላቱን ብዙ ሰው ለመቸኮል ብሎ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይቁላላም። ወጡም ሽንኩርቱ ለብቻ፣ መረቁ ለብቻ ሆኖ ይቀራል።

እናቴን በስልክ «እማዬ፣ ስንት ደቂቃ ነው?» ብዬ ስጠይቃት ደቂቃ ነግራኝ አታውቅም። «ድምፁን ስሚው ልጄ» ነው የምትለኝ። መጀመሪያ የማልረዳት ይመስላት ነበር፤ ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠግቼ አሰማታለሁ። «ገና ነው፣ ውሃው አልጨረሰም» ትላለች ከአዲስ አበባ ሆና። እውነቷን ነው። ውሃው እያለ ድስቱ ለስለስ ያለ ድምፅ አለው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይደርቃል፣ መንጫጫት ይጀምራል። ያኔ ጠብታ ውሃ፣ ማማሰል፣ እንደገና መጠበቅ። ቀለሙ ጠቆር እያለ፣ ሽንኩርቱ ቅርጹን እየለቀቀ ሲሄድ ዘይት ይጨመራል። ለዚህ መጠን እኔ አንድ ኩባያ ዘይት እጨምራለሁ። ከዚያ በርበሬ፣ የሚያቃጥል ካልሆነ አንድ ኩባያ ያህል። ውሃ ጠብ እያደረጉ በዝግታ ማብሰል ነው፣ የጥሬ በርበሬ ሽታው እስኪለቅ ድረስ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመጨረሻ። ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ግን በሳምንት አንዴ ነው።

ቁሌቱ ውስጥ ቅቤም መከለሻም አታስገቡ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ነው። ቅቤ የገባበት ቁሌት ለጾም አይሆንም። ቅቤ ያልገባበት ግን ለሁሉም ይሆናል፤ ለፍስኩ ቀን ቅቤውን መጨረሻ ላይ ጠብ ማድረግ ነው። ጨውም እንዲሁ፣ ትንሽ ብቻ።

ሲቀዘቅዝ በአንድ አንድ ኩባያ እየለካሁ ዚፕ ባለው ላስቲክ እከተዋለሁ። ላስቲኩን በእጄ ጠፍጠፍ አድርጌ አስተኛዋለሁ። ጠፍጣፋ ሆኖ የበረደ ቁሌት ቦታ አይፈጅም። የምትፈልጉትን ያህል ብቻ በእጅ ሰብራችሁ ማውጣትም ትችላላችሁ። በክብ ዕቃ ከሞላችሁት ግን እንደ ድንጋይ ይሆንና እስኪቀልጥ ትጠብቃላችሁ። ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉበት።

ማክሰኞ ማታ ምን ይሆናል? ክክ የሆነውን ቀይ ምስር አጥቤ እጥዳለሁ። እሱ እስኪፈላ ቁሌቱን በሌላ ድስት አሞቃለሁ። ምስሩ ሲለሰልስ ከነውሃው ወደ ቁሌቱ። 10 ደቂቃ ይንተክተክ፣ መከለሻ፣ ጨው፣ አለቀ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። እዚህ ሚኒያፖሊስ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ ወደ 99 ይደርሳል። ስለዚህ ምስርና ክክ አገር ቤት ከለመዳችሁት ቀድመው ይበስላሉ። ቶሎ ቶሎ ካላያችሁት ምስሩ ይፈርሳል።

ለሽሮም ያው ነው። ሚጥን ሽሮ ከሆነ ቅመሙም በርበሬውም ውስጡ ስላለ ግማሽ ኩባያ ቁሌት ይበቃል። ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር ከመጓጎል ያድናል። ለአንድ ኩባያ ሽሮ ከ3 እስከ 4 ኩባያ ውሃ እያዩ መጨመር ነው። ከዚያ ለመቸኮል እሳቱን ከፍ አታድርጉ። ሽሮ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ ነው ጥሬ ጥሬ ማለቱን የሚተወው።

ሽታውን በተመለከተ፣ አፓርታማ የምንኖር ሰዎች እንጨነቃለን። መጨነቁም ተገቢ ነው፤ ጥር ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን መስኮት ከፍቶ መቀመጥ አይቻልም። ምግብ ከመሥራቴ በፊት ኮቶቼንና የሥራ ልብሴን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ እዘጋለሁ። የመኝታ ቤት በርም ይዘጋል። በርበሬ የሚጨመረው ትንሽ ውሃ ድስቱ ውስጥ ካለ በኋላ ነው፤ የጋለ ዘይት ላይ ደረቁን ከበተናችሁት የጭስ አላርሙ ይጮሃል፣ ቤቱ በሙሉ ያስላል። ሲያልቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምሮ ማፍላት ሽታውን ይቀንሳል። ደግሞም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ማቁላላት ከየቀኑ ይሻላል። ይህ ራሱ አንዱ የቁሌት ጥቅም ነው።

ቅቤ ማንጠር ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ጨው የሌለው ቅቤ ግዙ። ጨው ያለውን አትግዙ፣ የወጡን ጨው መቆጣጠር ያቅታችኋል። በጣም ዝቅ ባለ እሳት አቅልጡት፣ ሳታማስሉ። አረፋውን ግፈፉ። ከዚያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ትንሽ እርድ፣ ኮሰረትና በሶብላ። ቅቤው ጠርቶ ታቹ ሲታይ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ኮረሪማ ካጣችሁ ሄል ይተካዋል የሚሉ አሉ። ይተካል፣ ግን ሽታው ስለሚለይ በትንሹ ጀምሩ። ለበሶብላ ደግሞ ከሕሞንግ ገበያ የሚገኘው የታይ ባዚል ዘመዱ ነው፤ አድርቆ መጠቀም ይቻላል። ኮሰረትን ግን የሚተካ አላገኘሁለትም። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ ከበርበሬ ይልቅ ኮሰረት እንዲያመጣላችሁ ለምኑት። በርበሬ እዚህ አለ።

አሁን ወደ እንጀራው። የአገር ቤት ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል። ታዲያ አሜሪካ ውስጥ የተመረተ ጤፍም አለ፤ አይዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዘራል። ዱቄቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ብርዱ ነው። ክረምት ላይ ሊጡ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ቢውል አይቦካም። መፍትሔው ኦቨን ነው፤ ሳይለኮስ መብራቱ ብቻ ይብራ። ያቺ አምፖል የምትሰጠው ሙቀት ለሊጥ በቂ ነው። ብቻ በሩ ላይ «ሊጥ አለ» ብላችሁ ወረቀት ለጥፉ፤ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ፒዛ ሊያሞቅ ኦቨኑን ሊለኩሰው ይችላል። ውሃውም ቢሆን የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል የተጨመረበት ነገር አለ፤ እርሾንም ያዳክማል።

ሁለት ሦስት ቀን ሲሞላው ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን እርሾ አፍስሱ፣ ጥቂቱን ለቀጣዩ ፍሪጅ አስቀምጡ። ከሊጡ አንድ ጭልፋ ወስዳችሁ በሁለት እጥፍ ውሃ እያማሰላችሁ አብስሉት፤ አብሲት መሆኑ ነው። ለብ ሲል መልሱት። ብዙ ሰው እዚህ አብሲትን ትቶ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምራል። አልፈርድም፣ ጊዜ የለም። ግን አብሲት የገባበት እንጀራ ሲጠቀለል አይሰነጠቅም፣ በማግስቱም ልስላሴው አይጠፋም። ለጀማሪ ግማሽ ጤፍ፣ ግማሽ የስንዴ ዱቄት አድርጎ መጀመር ይቀላል። እጅ ሲለምድ ጤፉን ከፍ እያደረጉ መሄድ ነው።

ስለ ምጣድ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሚኒሶታ የሰፈሩት ኖርዌጂያኖች ሌፍሴ የሚባል የድንች ቂጣ አላቸው። እሱን የሚጋግሩበት 16 ኢንች ስፋት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 500 ዲግሪ ፋራናይት ይሞቃል። ሐበሻው አየው፣ ገዛው፣ እንጀራ ጋገረበት። ዛሬ በየቤታችን ያለው ብዙው ምጣድ ያ ነው። ከሌፍሴው የሚለየን አክንባሎው ነው፤ እነሱ አይከድኑም፣ እኛ ግን ያለ እንፋሎት አይሆንልንም። ልክክ የሚል ሰፊ ክዳን ፈልጉለት። 450 ፋራናይት አካባቢ ጥሩ ዓይን ያወጣል። ዓይኑ ሳይወጣ አትክደኑ። ሰፌድ ከሌላችሁ ቀጭን የፒዛ ማውጫ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ እኛ አራት ጓደኛሞች ተከፋፍለነዋል። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዱ ቅቤ ያነጥራል፣ እኔ ቁሌት እሠራለሁ፣ አራተኛዋ ጎመንና አይብ ታመጣለች። እሑድ ማታ እንለዋወጣለን። በየወሩ ሥራውን እንቀያየራለን፣ ሁሉም ሁሉንም እንዲለምድ። ጎመኑ ኮላርድ የሚሉት ነው፤ የእኛን ይመስላል፣ ቅጠሉ ግን ወፍራም ስለሆነ በደንብ መቀቀል አለበት። አይቡ በየሱፐርማርኬቱ ከሚሸጠው፣ «በተርሚልክ» ከሚባለው አሬራ ይወጣል። በዝቅተኛ እሳት ማሞቅ፣ አለማማሰል፣ ሲለያይ ማጥለል፣ ያ ብቻ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሰፈራችን ሲገባ ከአራቱም ቤት ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። የመጀመሪያዋ ሳምንት ከባድ ናት፣ ማንም ሰው እሷን በባዶ ፍሪጅ ማሳለፍ የለበትም።

እንጀራ ከተረፈ ደግሞ አትጣሉት። ቀዳዳችሁ ኦቨን ውስጥ በዝቅተኛው ሙቀት፣ 170 ፋራናይት ገደማ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቁት። ድርቆሽ ሆነ ማለት ነው። በደንብ ደርቆ፣ እርጥበት በማይገባው ዕቃ ከተቀመጠ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል። ለሥራ ስትወጡ ድርቆሹን በአንድ ዕቃ፣ ያሞቃችሁትን ቁሌት በቴርሞስ ያዙ። እረፍት ሰዓት ላይ ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሮ ማዋሐድ ነው። 5 ደቂቃ አይፈጅም። የጾም ካልሆነ የነጠረ ቅቤ በትንሽ ጠርሙስ መያዝ አትርሱ፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው።