የጋራዡ በር አልከፈት ሲል
ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ከተራራው ግርጌ የምንኖር ሐበሾች የሰደድ እሳት ነገር ሲነሳ ወሬያችን ሁሉ ሻንጣ ነው፤ ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር። እኔም ለሻንጣው ስንት ቀን ደክሜያለሁ። በገና ዕለት፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025፣ ከመሸ በኋላ የኢተን እሳት ተነስቶ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ሻንጣው ዝግጁ ነበር። መኪናው ግን ከማይከፈት የጋራዥ በር ኋላ ነበር የቆመው፤ ጋራዥ የምለው ከቤቱ ጋር ያለውን የመኪና ማደሪያ ነው። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ብዬ ልለፍና ስለ በሩ በሰፊው ልጻፍ።

የሰፈራችሁን የመውጫ ቀጠና ቁጥር (የውጡ ትዕዛዝ የሚሰጠው በእሱ ነው) ጄናሲስ ፕሮቴክት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገብታችሁ አውጡት፤ በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። እሳት የት እንደተነሳ የሚነግረውን ዋች ዲዩቲ የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። የመኪናው ነዳጅ ከግማሽ አይውረድ። ሁለት የመውጫ መንገድ በቀንም በማታም ነድታችሁ እወቁ።

ብዙ ቤት የሚቃጠለው ነበልባሉ ደርሶበት ሳይሆን ነፋስ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው። አሸንዳውን ከደረቅ ቅጠል አጽዱ። ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ምንም የሚቀጣጠል ነገር አታስቀሩ፤ ለጌጥ የሚበተነው የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በር ላይ የሚነጠፈው የእግር መጥረጊያ፣ የተደረደረ ማገዶ፣ ሁሉም ይነሳ። የጣራና የግድግዳ መተንፈሻዎች ላይ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የብረት ወንፊት ይገጠም። የፕላስቲክ ወንፊት ቀልጦ ቀዳዳውን ለፍንጣሪው ይለቅለታል።

ስለ ሻንጣው ከመንግሥት መመሪያ ጋር አልስማማም። የሦስት ቀን ምግብ፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውኃ የሚለው ለመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚበጀው። ከእሳት የሚሸሽ ሰው ሰላሳ ደቂቃ ከነዳ ሱቅ ያገኛል። የሚያስፈልገው ሽፍን የቆዳ ጫማ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ልብስ (ፖሊስተር ሲሞቅ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል)፣ ኤን 95 ጭምብል፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት፣ መነጽር፣ ቻርጀር ነው። ጫማውና ባትሪው አልጋ ሥር ይደር።

የእኛ ቤት ወረቀት ደግሞ ከመንግሥት ዝርዝር ይበልጣል። የዜግነት ሰርተፍኬት፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ)፣ ከአገር ቤት የመጣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ተቃጥሎ ሌላ ይውጣ ቢባል ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይተካም። «እሳት አይበላውም» ተብሎ የሚሸጠውን ካዝና አትመኑ። የአንድ ሰዓት ማረጋገጫ ያለው ካዝና እሳቱ 927 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ድረስ ለአንድ ሰዓት ውስጡን ከ177 ዲግሪ በታች እንዲያቆይ ነው የተፈተነው። ሰፈር ሲነድ አጥፊ ስለማይደርስ ቤቱ ለብዙ ሰዓት ይጨሳል፤ ካዝናውም ፍሙ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። ዋናዎቹ ወረቀቶች ዚፕ ባለው አንድ ቦርሳ ሆነው በር አጠገብ ይሰቀሉ። ለኢንሹራንስ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ መሳቢያና ቁምሳጥን እየከፈታችሁ፣ ዋጋውን በድምፅ እየተናገራችሁ። ጥበብ ቀሚስና መሶብ ስንት እንደሚያወጣ የኢንሹራንሱ ሰው አያውቅም፤ እናንተ ካልነገራችሁት «ቀሚስ፣ አንድ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

አሁን ወደ በሩ።

የጋራዥ በር የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለን ነበር። አይደለም። የሁለት መኪና በር ከ60 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ የተጠመዘዘው ሞላ ነው፤ ሞተሩ የሚገፋው ትርፉን ብቻ ነው። የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ያህል ከፍቶ ለመዝጋት የተሠራ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ የሚከፈት በር ሰባት ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ሞላው ሲደክም ሞተሩ እያቃሰተም ቢሆን ያነሳዋልና ችግሩ አይታይም። የሚታየው መብራት ሲጠፋ፣ በእጃችሁ ልታነሱት ስትሉ ነው።

በ2017 በሰሜን ካሊፎርኒያ በተነሳው እሳት መብራት ጠፍቶ ጋራዥ መክፈት ያቃታቸው ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚገጠም የጋራዥ ሞተር መጠባበቂያ ባትሪ ሊኖረው ግድ ነው። የእኛም ነበረው። ነገር ግን ባትሪው ዕድሜው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው፣ ሕጉም ቀይሩት ብሎ አያስታውስም። የእኛ ሞተር ለሳምንታት ጢጥ፣ ጢጥ ሲል ሰምቼ ለጥገና የመጣውን ሰው ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ምንም አይደለም» አለኝና ሄደ። ዛሬም ያናድደኛል። ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ ነው የምናደደው፤ የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ በሩ በባትሪው ይከፈት እንደሆነ ቁልፉን መጫን ብቻ ነበር የሚበቃው፣ አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ሙከራ ነው።

ባትሪው የሞተ ነበር። ከሞተሩ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስስብ «ቀጭ» ብሎ በሩ ከሞተሩ ተላቀቀ፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ላነሳው ስል ግን ሞላው ከመሃል ተቆርጦ ኖሯል፤ በሩ ጉልበቴ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ከአንድ ጎን ብቻ ስገፋው ደግሞ ተንጋዶ ጎማዎቹ ሐዲዱ ውስጥ ተቀረቀሩ። በዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ። የከፈትነው ሁለት ጎረቤቶች ደርሰው ነው።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ገመዱ የሚሳበው በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ክፍት ሆኖ ሞላው የተበላሸ ከሆነ መቶ ኪሎ በር እንደ ቢላ ይወርዳል። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይቁም፤ እኩል፣ ከታችኛው ጠርዝ ይዞ፣ ከጉልበት ያንሳ። ጣት በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ መሃል አይግባ። እስከ ላይ ሲደርስ በሁለቱም ጎን ቀድሞ በልክ የተቆረጠ እንጨት ደግፉበት፤ በእጅ ይዞ መኪና ማስወጣት አይሞከርም። ያ እንጨት ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይኑር። ሞላውን ግን ራሳችሁ አትንኩ፤ በጉልበት የተጠመዘዘ ብረት ነው፣ ሲፈታ ክንድ ይሰብራል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሞላው ደህና መሆኑን ለማወቅ፦ በሩን ዝጉ፣ ቀይ ገመዱን ሳቡ፣ በአንድ እጅ እስከ ወገባችሁ አንሱና ልቀቁት። ባለበት ከቆመ ጤነኛ ነው። ከወረደ የዚያኑ ሳምንት ባለሙያ ጥሩ።

አንዳንዱ መመሪያ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አቁሙ ይላል። አልቀበለውም። የቀይ ባንዲራ ማስጠንቀቂያ (አየሩ ለእሳት ያሰጋል የሚለው) በወጣበት ቀን፣ የሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሳ፣ መኪናው ደጅ ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ይደር።

ጋዝ ዝጉ፣ አትዝጉ በሚለውም መመሪያዎቹ አይስማሙም። የእኔ ሐሳብ፦ ካልሸተታችሁ ጊዜ አታጥፉበት። ከሸተታችሁ ቆጣሪው ጋ ያለውን ጆሮ በመፍቻ ሩብ ዙር አዙራችሁ ለቧንቧው አግድም አድርጉት፤ መልሶ የሚከፍተው የጋዝ ኩባንያው ሰው ብቻ ነው። ውኃ ከፍታችሁ አትሂዱ፤ በዚያው ቀን በተነሳው ሌላ እሳት፣ በፓሊሴድስ፣ ከፍ ባሉት ሰፈሮች የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ደርቀው ነበር።

ትዕዛዝም አትጠብቁ። የኢተን እሳት ባቃጠላት በአልታዲና፣ ሌክ አቬኑ ከሚባለው መንገድ በስተምዕራብ ላሉት የመውጫ ትዕዛዙ የደረሳቸው እሳቱ ከተነሳ ከስምንት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ከሞቱትም አብዛኞቹ በዚያ በኩል ነበሩ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ እናት አባቶቻችን ደግሞ መልእክቱ ቢደርሳቸውም በእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌና ሕፃን ያለበት ቤት ከትዕዛዙ በፊት የሚመጣው የመውጫ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ፣ ወይም እሳቱ ከመስኮት ከታየ፣ ይውጣ። እናቴ ብቻዋን ስትሆን ማን እንደሚወስዳት የሦስት ሰው ስልክ በአማርኛ ተጽፎ ከቀጠናው ቁጥር አጠገብ ተለጥፏል።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ ሶኬቱን እነቅልና ቁልፉን እጫናለሁ፤ ባትሪውም የተገዛበት ቀን በማርከር ተጽፎበታል። ቀይ ገመዱን እናቴ ስትንጠራራም አልደረሰችበትም ነበርና የአንድ ክንድ ነጭ የጥጥ ገመድ ቀጥዬለታለሁ፤ መኪናው ጣራ ላይ እንዳይጠመጠም ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል።