የልጅ ጆሮ ሕመም የሚጀምረው ከአፍንጫ ነው

ጥቅምት ገብቶ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጀምር፣ የምሠራበት የሕፃናት ክፍል ደጃፍ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ንፍጥ በሚወርዳቸው ልጆችና በእናቶቻቸው ይሞላል። ሳል፣ ትኩሳት፣ አፍንጫ መዘጋት። ጉንፋን ነው፤ «ጡቱን አታቋርጪበት፣ ፈሳሽ አብዢለት» ብለን እንሸኛለን። ሳምንት ሳይሞላ ከእነዚያው እናቶች አንዳንዶቹ ይመለሳሉ፤ የአሁኑ ስሞታ ግን ሌላ ነው፤ «ሲስተር፣ ሌሊቱን ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ አደረ።»

ሁለቱን የሚያያይዛቸው ሰው ጥቂት ነው። «ሳጥበው ውሃ ገብቶበት ነው» ወይም «ሳላለብሰው ወጥቼ ብርድ ገባው» እያለች ራሷን የምትወቅስ እናት ሳይ ያሳዝነኛል። መሐል ጆሮ ከውጭ በኩል በታምቡር የተዘጋ ነው። ታምቡሩ እስካልተቀደደ ድረስ የገላ ውሃ ወደዚያ አያልፍም። በሽታው የሚመጣው ከጀርባ፣ ከአፍንጫ በኩል ነው።

ከአፍንጫ ጀርባ ተነስቶ ወደ መሐል ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈትና አየር ያስገባል፤ በጆሮ ውስጥ የሚመነጨውን እርጥበትም ወደ ጉሮሮ ያወርዳል። አዋቂ ላይ ረዘም ያለና ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው፤ ሕፃን ላይ አጭርና አግድም የተጋደመ ነው። በሽታው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉት ላይ የሚበረታው አንድም ለዚህ ነው።

የጉንፋን ቫይረስ፣ ራይኖቫይረስም ይሁን አዴኖቫይረስ፣ ኢንፍሉዌንዛም ይሁን ጨቅላዎችን አብዝቶ የሚያስቸግረው አርኤስቪ፣ የዚህን ቱቦ ስስ ሽፋን ያሳብጠዋል። ንፍጡን ወደ ጉሮሮ የሚጠርጉት በዓይን የማይታዩ ጭገሮችም ሥራ ያቆማሉ። ቱቦው ሲደፈን ውስጥ የቀረው አየር ቀስ በቀስ ይመጠጣል፣ ምትክ አይገባም፤ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ፈሳሽ ይጠራቀማል። በአፍንጫው ጀርባ ልጁን ሳይጎዱ ተቀምጠው የነበሩት ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ኒሞኮከስና ሄሞፊለስ፣ ወደ ጆሮ የሚዘልቁት ይሄኔ ነው። መግሉ የእነሱ ሥራ ቢሆንም በሩን የከፈተላቸው ቫይረሱ ነው። አንዳንዴም ባክቴሪያ ሳይጨመርበት ቫይረሱ ብቻውን ጆሮን ያሳምማል።

ስለዚህ ልጅ ገና ሲያነጥሰው ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ መጀመር ምንም አይጠቅምም። ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ አፍንጫ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱን ያለማምዳቸዋል። ይልቅ ጉንፋን በያዘው በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ልጁን ልብ በሉት። በረድ ብሎ የነበረው ትኩሳት ከተነሳበት፣ ጡት ጀምሮ እየተወ ካለቀሰ፣ ጆሮውን ከጎተተ አምጡት።

ጆሮው መፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ቤት ያለው ሁሉ ይሞከራል፦ ለጋ ቅቤ፣ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ። የሚፈሰው እኮ ታምቡሩ ተቀዶ ነው፤ ጠብ ያደረጉበት ሁሉ በቀዳዳው ወደ መሐል ጆሮ ይገባል። የሚያስፈልገው ማድረቅ ነው። በቅርቡ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ መግሉ ከጆሮው ወርዶ ጉንጩ ላይ ደርቋል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀደድኩና በጣቶቼ አሹሬ ጫፉን ሾጠጥ አደረግኩት። ልጁን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዙልኝ። ጆሮውን ሳብ አድርጌ ጨርቁን አስገባሁ፤ ሲረጥብ አውጥቼ ሌላ ተካሁ፣ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። «እማማ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ» አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ የፈተሉ ሴት ናቸው፤ የእሳቸው ከእኔው የቀጠነ ሆነ። ይህን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ፣ የታዘዘውን መድኃኒት ደግሞ ተሻለው ብሎ ሳያቋርጡ። ፈሳሹ 14 ቀን ከሞላው ሕክምናው ስለሚለይ መመለስ ያስፈልጋል። ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት አብጦ ሲነኩት የሚያመው ከሆነ ግን ቀን ሳያሳድሩ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጉንፋንን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ መንገዱን ማጥበብ ግን ይቻላል። ጡት የሚጠባ ልጅ የተሻለ ይከላከላል። የኩበትና የእንጨት ጭስ የቱቦውን ሽፋን ይጎዳል፤ ምድጃው አጠገብ አታስተኙት። ተንጋሎ ጡጦ አይጥባ። የኒሞኮከስ ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። የኩፍኝ ቫይረስም ጆሮ ያስመግላል። የ9 ወሩን ክትባት የማያስቀሩ እናቶች የ15 ወሩን ይረሱታል፤ እባካችሁ አትርሱት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከሕመሙ በኋላ ያለው ነው። ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ለቅሶው ቆሞ ፈሳሹ ከታምቡሩ ኋላ ለሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል። ልጁ አያመውም፤ ግን በደንብ አይሰማም። ሲጠሩት አይዞርም፣ ቃል ያሳስታል፣ አፍ ከፈታ በኋላ ንግግሩ ይጎተታል። «አልሰማ ባይ ሆነብኝ» ተብሎ ይመታል። ቅርቡ ሆናችሁ፣ ፊታችሁን እያያችሁት አናግሩት። ጉንፋንና የጆሮ ሕመም የሚመላለስበት ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ መምህርቷን ፊት ወንበር ላይ እንድታስቀምጠው ንገሯት፤ 3 ወር አልፎም መስማቱ ካልተመለሰ የጆሮ ሐኪም ይየው።