ስቲል ጊታር በትዝታ፦ የልጆች አልበሜን እንዴት እንደሠራሁ

አሜሪካ፣ የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ በሆነችው ናሽቪል ተቀምጬ የአማርኛ የልጆች አልበም ሠራሁ ስል ሰው ቶሎ የሚጠይቀኝ «ለምን በካንትሪ?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው። እዚህ ከተማ «ሙዚቀኛ ፈልጉልኝ» ካላችሁ የሚመጣላችሁ ባንጆ፣ ፊድል (ቫዮሊን) እና ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ስቲል ጊታር ነው። ደግሞ ካንትሪ ለእኛ ሰው ባዳ አይደለም። ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ጂም ሪቭስን በካሴት እየሰማ ያደገ ሀበሻ ስንት አለ! እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ዜማውን የሚያንጎራጉሩ አባቶች ነበሩን።

ብዕር ከማንሳቴ በፊት የካንትሪ ዘፋኞች ለልጆች የሠሯቸውን አልበሞች በመኪና ውስጥ ከልጆች ጋር ደጋግሜ ሰማሁ። ዋናው ትምህርቴ እዚያ ነው። ቶም ቲ. ሆል በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ያወጣው አልበም ፎክስ ሆሎው በሚባለው እርሻው ላይ ስለሚታየው ነገር ሁሉ ነው፤ ስለ ግልገል ፍየል፣ ስለ ባለ አንድ እግር ዶሮ፣ የሰው ለስላሳ እየሰረቀ ስለሚጠጣ እባብ። ከዚያው አልበም አንዱ ዘፈን የአዋቂዎቹን የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መርቷል። ጆኒ ካሽም በ1975 የልጆች አልበም አለው።

ዶሊ ፓርተን ግን ዘግይታ ነው የመጣችው። የመጀመሪያ አልበሟ በ1967 ወጣ፣ የልጆቹ በ2017። ሃምሳ ዓመት! ገቢውን የሰጠችው ከልደት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት መጽሐፍ በፖስታ ለሚልከው ፕሮግራሟ ነው። ፕሮግራሙን በ1995 የጀመረችው በተወለደችበት በሴቪየር አውራጃ ሲሆን፣ ምክንያቷም አባቷ ማንበብና መጻፍ አለመቻላቸው ነበር። ዶሊን የማይወድ ሰው አላውቅም፣ እኔም እወዳታለሁ። አልበሟ ግን ምክር ይበዛዋል። በሰው አታሹፍ፣ በርታ፣ አይዞህ ይላል። የታመመ ልጅ ያላት እናት ስትሰማው ታለቅስ ይሆናል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የእኔዎቹ ግን «እባቡን መልስልን!» ነው የሚሉኝ። ሆል አይመክርም። ያየውን ይነግራቸዋል፣ ሌላውን ለእነሱ ይተዋል።

ይህ ነገር ወደ ቤታችን አዞረኝ። ዛሬ የሚወጡት የአማርኛ የልጆች መዝሙሮች አብዛኞቹ ትእዛዝ ናቸው። ተማሩ፣ ታጠቡ፣ ታዘዙ፣ ጥርሳችሁን ፋቁ። ጥንት በየሰፈሩ የተዘፈኑትን አስቧቸው እስቲ። እቴሜቴን ስንጫወት ማን ነው የመከረን? ጨዋታ ነው፣ ጭብጨባ ነው፣ በቃ። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። በአልበሙ ውስጥ «ማድረግ አለብህ» የሚል ስንኝ አይገባም።

ሁለተኛው ሕግ፣ ልጁ በዓይኑ ያላየው ነገር ዘፈን ውስጥ አይገባም። እዚህ የሚወለዱት ልጆች በቅሎ አያውቁም፣ ወንዝ ወርደው ውኃ አልቀዱም። የሚያውቁት አጥር ላይ የሚሮጠውን ሽኮኮ ነው፤ በረዶ ጣለ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚመጣውን ደስታ ነው። አያታቸውን የሚያውቋቸው በስልክ ነው፤ ያውም ግማሽ ፊታቸውን። ስልኩን ከፍ አድርገው ስለሚይዙት የሚታየው ግንባራቸውና የነጠላው ጥለት ብቻ ነው። «እማማ፣ ዝቅ አድርጉት! ዝቅ!» እያልን የምንጮኸውን እንዳለ ወስጄ አዝማች አደረግኩት። ልጆቹ በሳቅ የሚፈርሱት እዚያ ላይ ነው።

የአውቶብሱ ዘፈን የመጀመሪያ ቤት ይኸውና፦

ቢጫው አውቶብስ መጣ መጣ፣
ጫማዬ የታል፣ ልውጣ ልውጣ፤
አንዱ ከአልጋ፣ አንዱ ከበር፣
ጠብቀኝ ሹፌር፣ እንዳትበር!

ይህችን ረቂቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ ለሚያስተምሩ አንዲት እናት ዘፈንኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ይሄ ምኑን ነው የሚያስተምረው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የጠፋ ጫማ የት እንደሚፈለግ ነዋ» አልኳቸው።

ሳቁ። አሁንም ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ግን ክፍላቸው ውስጥ እሷኑ ነው የሚያዘፍኗት። ምክር የለበትም ያላችሁት ዘፈን ስንት ቃል እንደያዘ ቁጠሩት። ጫማ፣ አልጋ፣ በር፣ ቢጫ፣ መውጣት፣ መጠበቅ። ልጅ ተመከርኩ ሳይል ይይዘዋል።

ወደ ሙዚቃው ልምጣ፤ የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው። ናሽቪል ውስጥ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ኖታ በመስመር ላይ ተጽፎ አይጠብቁም። ኮርዶቹን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) በቁጥር ነው የሚያነቡት። ኪዩ (ዘፈኑ የተመሠረተበት ድምፅ) ምንም ይሁን ምን መነሻው 1 ነው፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 5። ዘፋኙ «ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» ቢል ወረቀቱ አይለወጥም። ዘዴውን በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ከጆርዳኔርስ የዘፋኞች ቡድን ኒል ማቲውስ ነው፤ ቻርሊ ማኮይና ሌሎች ሙዚቀኞች አስፋፉት። የእኛን ቅኝት ለእነሱ ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ነገር አላገኘሁም። ስለ ትዝታ ታሪክ፣ ስለ አዝማሪ፣ ስለ ወሎ ብዙ ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር። ምንም አላስፈለገም። ወረቀቱ ላይ የትዝታን አምስት ድምፆች 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 ብዬ ጻፍኩ።

ስቲል ጊታር የሚጫወተው ሽማግሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። ብረቱን ክሩ ላይ አሳርፎ ከ2 ወደ 3 አንሸራተተ፣ ከዚያ ከ6 ወደ 5 ወረደ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሀበሾች ተያየን። ሜጀር ትዝታ ነው፣ ሌላ አይደለም። ለእሱ ደግሞ አዲስ ነገር የለውም። የአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች የድሮ ዜማዎች ብዙዎቹ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ነው የሚጠቀሙት። ያ ማንሸራተት ደግሞ ማሲንቆ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም። ትዝታዎቹን ጠዋት ጀምረን ምሳ ሳይደርስ ጨረስናቸው።

አንቺ ሆዬ ሌላ ጣጣ ነው። ድምፆቹ 1፣ በግማሽ ድምፅ የወረደ 2፣ 4፣ በግማሽ ድምፅ የወረደ 5፣ 6 ናቸው። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ አየና በትሕትና «ይሄ ስትጽፈው ተሳስተህ አይደለም?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ተጫወትነው። ጊታሩ ኮርድ በመታ ቁጥር ቅኝቱ ይሞታል፤ ምክንያቱም ከተለመዱት 1፣ 4፣ 5 ኮርዶች 1 እና 5 ቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆችን ይዘው ይመጣሉ። የፈታነው በመቀነስ ነው። ጊታሩን አስወጣን። ባሱ 1ን ብቻ ይዞ እንዲቆይ አደረግን። ፊድል ተጫዋቿን ማሲንቆ ካሰማኋት በኋላ በአንድ ክር ብቻ እንድትጫወት ለመንኳት። ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ ብቻ። ቅኝታችሁን ለሌላ አገር ሙዚቀኛ ስትሰጡ ኮርድ ከማልበሳችሁ በፊት ራቁቱን አስጫውቱት። ልብስ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ያኔ ታውቃላችሁ።

ስለ ኪይ አንድ ነገር ልበል። የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ዝቅ ሲል ያምርብኛል። ትንንሽ ልጆች ግን የሚመቻቸው ከመካከለኛው ዶ እስከ ከሱ በላይ ያለው ላ ድረስ ነው። ለአዋቂ ወንድ በሚመች ኪይ የተቀዳ የልጆች ዘፈን ልጆች አብረው አይዘፍኑትም፤ ወይ ያጉረመርማሉ ወይ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ኪዩን የመረጥነው ለእነሱ ነው፣ እኔ እንደምንም ተንጠራርቼ ዘፈንኩ። ድምፄ አንዳንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ ይሰማል። ይሰማ።

ልጆቹን የቀዳናቸው ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። ናሽቪል የስቱዲዮ ቀጠሮ የሚለካው በሦስት ሰዓት ነው፤ ጎበዝ ሙዚቀኞች በዚያ ውስጥ ሦስት አራት ዘፈን ያወጣሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ሰዓት አይሰጣችሁም፣ ሩብ ሰዓት ከሰጣችሁ አመስግኑ። ምንጣፍ ያለው ሳሎን፣ ጥሩ ማይክሮፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ በአንድ ጆሮ ብቻ፤ በሌላው ጓደኞቹን ይስማ። መክሰስ ከመቅዳት በፊት፣ ስኳር ከመቅዳት በኋላ። ወላጅ ደግሞ ከክፍሉ ይውጣ። ይሄ አይደራደሩበትም። በመስታወት በር ጀርባ ቆማ በእጇ ምት የምትመታ እናት ካለች ልጅቷ የምትዘፍነው ለእናቷ ነው፣ ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። «እንደገና» የምትለዋንም ቃል እርሷት። «እንደገና» ማለት ለልጅ ተሳስተሃል ማለት ነው። እኛ «አሁን ደግሞ ለሽኮኮው እንዝፈንለት»፣ «አሁን ለአያቴ» እያልን ነው የደገምነው።

ጠ እና ጨ ከአንዳንዶቹ አፍ ሳሳ ብለው ይወጣሉ። እንዲታረም የጠየቁ ወላጆች ነበሩ። አላረምኩም። አልበሙን የሚሰማው ልጅ እንደ ራሱ የሚናገር ልጅ ሲሰማ ነው አፉን የሚከፍተው። ፈተና ይመስል ጥርት ያለ አማርኛ የሚያነበንብ ልጅ ከሰማ ዝም ይላል። አስተማሪዋ እትዬም በዚህ አይስማሙም፣ እናም ተከባብረን ተለያየን።

የፈቃዱንና የውሉን ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ። ከካንትሪዎቹ የልጆች ዘፈኖች አንዱን ወደ አማርኛ መልሼ መዝፈን እፈልግ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቀድቶ ለሕዝብ የወጣን ዘፈን እንዳለ መልሶ ለመቅዳት ፈቃዱ በሕግ የተደላደለ ነው፤ በ2024 ለአንድ ዘፈን፣ በአንድ ሲዲ ወይም በአንድ ዳውንሎድ፣ 12.4 የዶላር ሳንቲም ነበር የሚከፈለው፣ በቃ። ግጥሙን መተርጎም ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይካተትም። የባለመብቱን ፈቃድ ለብቻው ማግኘት አለባችሁ። ጻፍኩላቸው፣ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ፣ ዝም። ተውኩት፤ በቦታው የበረዶውን ዘፈን ጻፍኩ፣ እሱም ከአልበሙ ጥሩ ከምላቸው አንዱ ሆነ። ሌላው፣ ከእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ጋር ከመቅዳት በፊት ተፈራረሙ፤ ማን ጻፈ፣ ማን ተከፈለው፣ መብቱ የማን ነው። እኛ «በወንድምነት ነው» ማለት እንወዳለን። ወንድምነቱ እንዲቀጥል ነው የሚፈረመው።

ገንዘቡን በዩቲዩብ እመልሳለሁ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከጥር 2020 ወዲህ ለልጆች ተብሎ በተመዘገበ ቪዲዮ ላይ ለተመልካቹ የተመረጠ ማስታወቂያ አይወጣም፣ አስተያየት መስጫውም ዝግ ነው። ገቢው ይቀንሳል፤ ወላጆች ምን እንዳሉም አታነቡም። ለእኔ የሠራው መኪና ነው። እዚህ ሰው ልጁን ይዞ ግማሽ ቀኑን ሙርፍሪስቦሮ ፓይክ የሚባለው መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሲዲ ማጫወቻ ያለው መኪና እየጠፋ ስለሆነ በፍላሽ አደረግነው፤ የሀበሻ ሱቆች ከበርበሬው ጎን፣ ገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ አስቀመጡልን።

መኪና ውስጥ ደግሞ መጫወቻውን የሚነካው ልጁ አይደለም፣ ወላጁ ነው። ለሃያኛ ጊዜ የሚሰማው እሱ ነው። ለዚህ ነው በኪቦርድ የተሠራ ርካሽ አጃቢ እምቢ ያልኩት፤ ልጅ ስለሆነ ምንም ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ ያናድደኛል። ዘፈኖቹ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይበልጡም። ፈጣኖቹ ከፊት፣ እሹሩሩ የሚመስሉት ከኋላ ተደረደሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ሲደረስ ልጆቹ እንዲተኙ ብዬ።

የአንቺ ሆዬውን ዘፈን ማንም አይሰማውም ብዬ መሃል ላይ ነበር የከተትኩት። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሲሰሙት ጸጥ ይላሉ፣ ሲያልቅ ያለቅሳሉ ብለው የነገሩኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። ለምን እንደሆነ ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው የለም፣ ፊድል ተጫዋቿም ጭምር። ለሚቀጥለው አልበም ሁለት አንቺ ሆዬ ይዣለሁ፤ እሷም «ጊታሩን አሁንም አታምጣው» ብላኛለች።