ስክሪኑ 7 ባር ይላል

የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ቦይለር ክፍል የደወሉት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ማሽናቸው ውስጥ ያለው ውሃ 118 ዲግሪ ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ፖሊስተር ደግሞ ቀለሙን በደንብ የሚጠጣው 130 አካባቢ ሲደርስ ነው። "እንፋሎት ዘግታችኋል እንዴ?" አሉ። ተረኛው ልጅ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየና "7 ባር አለ፤ ችግሩ እዚያው እናንተ ጋ ነው" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ልጁ አልዋሸም። ግድግዳው ላይ 7.1 የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁጥር በርቷል፤ ባር የእንፋሎቱ ግፊት የሚለካበት ነው።

ያንን ስክሪን የሠራሁት እኔ ነኝ።

በዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የግፊት መለኪያው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያዎቹና የየክፍሉ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች፣ በጠቅላላው 12 መሣሪያዎች፣ በአንድ ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ላይ ተደርድረው ነበር። የሚነጋገሩት ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ሞድባስ በሚባል የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ ነው። አሮጌ ነው፤ ግን ቀላል ስለሆነ እስካሁን አልሞተም። አለቆቻችን የእንፋሎቱንና የመብራቱን ፍጆታ ቢሮ ተቀምጠው ማየት ፈለጉ። ባንድ በኩል ሁለቱን ሽቦ፣ በሌላ በኩል የኮምፒውተር ኔትወርኩን የኢተርኔት ኬብል የሚቀበልና በመካከላቸው መልእክት የሚያመላልስ ጌትዌይ የሚባል መሣሪያ አስገዛሁ። ሥራው የግማሽ ቀን ነበር። ተመሰገንኩ። አዲሱ ስክሪን የራሱ ማስጠንቀቂያ ስላለው፣ ቦታ ይዟል ብዬ አሮጌውን ፓኔል ከነደወሉ ነቅዬ ወደ መጋዘን ላክሁት።

ስለ ስልኩ የሰሙት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው የቦይለር ባለሙያ፣ ስክሪኑን ዞር ብለውም አላዩት። በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ሄደው የባለቀስቱን ግፊት መለኪያ መስታወት በጥፍራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ቀስቱ 2 ላይ ነው።

"ልጄ፣ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው" አሉኝ። "ይህኛውን ደግሞ ከአንተ በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

የነዳጁ ማጣሪያ በቆሻሻ ተደፍኖ እሳቱ ደክሞ ነበር። በ2 ባር እንፋሎቱ ራሱ 134 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃውን እስከ 130 ለመግፋት አቅም አልነበረውም። ማጣሪያው ተጠርጎ ግፊቱ ተመለሰ። የዚያን ዕለት ጨርቅ ግን ዝንጉርጉር ሆኖ ስለወጣ በመጨረሻ ጥቁር ተነከረ። የተበላሸ ቀለም መደበቂያው ጥቁር ነው።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ወደ ስክሪኑ የሚልከውን የግፊት መለኪያ ጠረጠርሁ፤ አውጥቼ ሌላ ተካሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ላፕቶፕ ሰክቼ መስመሩን ሳዳምጥ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነበር፤ የሽመና ክፍሉ ቆጣሪ መልስ አይሰጥም። ኤሌክትሪሺያኖቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለጥገና ብለው የሽመናውን ፓኔል አጥፍተውታል፤ ቆጣሪው ኃይል የሚያገኘው ደግሞ ከዚያው ፓኔል ነው። ከቦይለሩ 400 ሜትር ርቆ የጠፋ ቆጣሪ የቦይለሩን ቁጥር እንዴት አድርጎ ያደርቃል?

አስፋልቱ አልቆ የበቅሎ መንገድ ሲጀምር የሚሆነው ነው። በኢተርኔቱ በኩል በሰከንድ 100 ሚሊዮን ቢት ያልፋል፤ በአሮጌው ሽቦ 9600 ብቻ። በሽቦው ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው አንድ መሣሪያ ነው፤ እሱ እስኪመልስ ሌላው ይጠብቃል። ሁሉም ደኅና ሲሆኑ 12ቱ ተጠይቀው የሚያልቁት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነበር። ጌትዌዩ ግን ከፋብሪካው ሲመጣ በነበረው አቀማመጥ፣ የማይመልስ መሣሪያ ሲያጋጥመው አንድ ሰከንድ ይጠብቅና ሦስት ጊዜ ደግሞ ይጠይቃል። ለአንድ የጠፋ ቆጣሪ 4 ሰከንድ ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም በበኩሉ ከአንድ ሰከንድ በላይ ትዕግሥት የለውም፤ መልስ ዘገየ ብሎ ጥያቄውን ይተውና አዲስ ይልካል። የተተዉት ጥያቄዎች ጌትዌዩ ውስጥ ተሰልፈዋል። የግፊቱ መልስ ዘግይቶ ሲመጣ የያዘው የአሮጌውን ጥያቄ መለያ ቁጥር ስለሆነ ፕሮግራሙ አይቀበለውም፤ ይጥለዋል። ስለዚህ ስክሪኑ የመጨረሻውን ደኅና ቁጥር፣ የ1 ሰዓት ተኩሉን 7.1፣ ይዞ ቀረ። የግፊት ማነስ ማስጠንቀቂያው የሚያየውም ያንኑ ቁጥር ስለሆነ ጸጥ አለ።

ፕሮግራሙ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም ነበር። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር "ይህ ንባብ አይታመንም" የሚል ምልክት ይይዛል። ስክሪኑን ስሠራ ምልክቱን ያላወጣሁት መልኩን ያበላሸዋል ብዬ ነው። ይህን ለስብሰባው ስናገር ድምፄ ቀነሰ።

ማስተካከያው ሁለት ቀን ፈጀ። የጌትዌዩን ጥበቃ ወደ 300 ሚሊ ሰከንድ፣ ድግግሞሹን ወደ አንድ አወረድሁ። ያልመለሰ መሣሪያ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠየቅ አደረግሁ። የቦይለሩን መሣሪያዎች ከቆጣሪዎቹ ለይቼ የራሳቸውን መስመር ሰጠኋቸው፤ ከመጀመሪያውም አብረው መሆን አልነበረባቸውም። አምስት ሰከንድ ያልታደሰ ቁጥር አሁን ግራጫ ይሆንና ሰረዝ ይመጣበታል። በዚያው አጋጣሚ ጌትዌዩን ከቢሮው ኔትወርክ አወጣሁት። ሞድባስ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አያውቅምና እስከዚያ ቀን ድረስ ከሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ተነስቶ የቦይለሩን መቆጣጠሪያ ማዘዝ ይቻል ነበር። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ደወሉንም ከመጋዘን አመጣሁት። ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር ሳይገናኝ፣ ግፊቱ ሲወርድ በራሱ ከሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ ጋር በቀጥታ በሽቦ አሰርሁት። ስሰቅለው ጋሼ መሰላሉን ይዘውልኝ ቆመው ነበር።

"የት ሄዶ ነው የመጣው?" አሉ፣ ደወሉን ቀና ብለው እያዩ። እያወቁ ነው የጠየቁኝ። ብሎኑን ማጥበቄን ቀጠልሁ።